የጄሶ ምስክር

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ የዛፍ ቋንቋ አላውቅም፣
ስንጥቅ ካልጠራኝም የሰው ደጅ አልረግጥም።
ሞንቴቪዴዮ ዳር፣ ከሴሮ ኮረብታ ታች፣
ዶንያ ኔሊዳ በሰኔ ብርድ ጠራች፦
«ዋሽንግተን፣ ቶሎ ድረስ፤ የጓዳው በር አልዘጋ አለኝ፣
ግድግዳውም አፍ አውጥቶ ሌሊቱን አፏጨብኝ።»

ሄድኩ። ሳንቲም አወጣሁ፣ በስንጥቁ ሰደድኩ፤
ባለ ሁለት ፔሶው ገባ። ባለ አምስቱን ሞከርኩ።
እሱም ገባ።

ዞር ብል፣ ከማዕዘኑ እምብዛም ሳይርቅ ጸድቆ
የጎማ ዛፍ ቆሟል፣ ጣሪያውን በቅጠል ደብቆ፤
ሥሩ እንደ ሽማግሌ የእጅ ጅማት አብጦ
ከሣሩ በላይ ይታያል፣ ወደ መሠረቱ አፍጥጦ።

«ኤልቢዮ ነው የተከለው» አለች፤ ባሏን ነው፣ ነፍሱን ይማር።
«በዱቄት ወተት ጣሳ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ነበር።
አሥር እርምጃ አርቀው አልኩት፤ ሦስት ቆጠረና ተከለ፣
‹ከዚያ ወዲያ የልብስ ገመድሽ ነው› አለ።
ለአንድ ገመድ ብሎ!
ይኸው እሱ አረፈ፣ እኔ ላይ ዛፍ ጥሎ።»

ጎረቤቷ ሚልቶን፣ ጡረተኛው መርከበኛ፣
በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፦ «መጋዝ አለ በእኛ፤
ዛሬ ጣሉት፣ ማታ ተኙ።»
«ቀስ» አልኩት። «ይህ ሸክላ አፈር
ሲጠማ ይኮማተራል፣ ሲጠግብ ይነፋል፤
ዛፉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጠጣለት ኖሯል።
ድንገት ብትገድለው፣ ጠጪ ያጣው ውሃ
ቤቱን ከሥር ይዞ እንደ ቡሆ ያነሣዋል።»

ጄሶ በጠበጥኩና በስንጥቁ ላይ ለጠፍኩ፣
የመዳፍ ያህል ብቻ፤ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩ።
በእኛ ሙያ ስሙ ምስክር ይባላል፤
አይምልም፣ አይዋሽም፤ ቤት ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል።
በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ምስክሩ ተናገረ፣
ጸጉር በምታህል መስመር ከመሐል ተሰበረ።

ቆፈርን። በግድግዳውና በግንዱ መካከል፣
ጥልቀቱ እስከ ደረቴ፣ ስፋቱ ትከሻ የሚያክል።
የወንድሜ ልጅ ሊበር አካፋውን ጥሎ ጮኸ፦
የድሮው የሸክላ ቧንቧ ተጋልጦ፣
በመገጣጠሚያው ሥር ገብቶበት፣
ውስጡ እንደ ባዘቶ ተሞልቶ።
«ሌባው ተያዘ!» አለ ሚልቶን ከአጥሩ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሌባስ አልነበረም፣
በሩ ተከፍቶለት የገባ ሌባ አይባልም።
ቧንቧው ነው የጠራው፣ በጨለማ፣ በጠብታ፣
ማንም ሳይሰማ፣ ሌሊት ከማታ።

በመጋዝ ቆረጥን፤ በመጥረቢያ አይሆንም፣
የተቀጠቀጠ ሥር ይበሰብሳል እንጂ አይድንም።
ከጭኔ የሚወፍረውን አንዱን ግን ሳልነካ ተውኩት፤
ፓምፔሮ የሚሉት ንፋስ ሲመጣ
ዛፉን ከጣሪያው ላይ የሚመልሰው እሱ ነው።

ከተቆረጡት አፍ ነጭ ወተት ወረደ።
ዶንያ ኔሊዳ መጥታ በሽርጧ ጫፍ ጠረገች፣
እንደ ሕፃን አፍ። ከዚያ በራሷ ተናደደች፤
«ሦስት እርምጃ!» ብላ ወደ ቤት ገባች።

አዲስ ቧንቧ ቀበርን፤ ወፍራም ፕላስቲክ አቁመን
በዛፉና በቤቱ መሐል ድንበር አበጀን፤
ሥር ሕግ ያነባል ብዬ አይደለም፤
ሲጋጨው ግን ወደ ታች ይዞራል፣ ቤት አይሻም።
አፈሩን መልሰን ረገጥን።

በዓመቱ ሰኔ ተመለስኩ። ሁለተኛው ምስክር
እርሳሱ ደብዝዟል እንጂ ዝም እንዳለ ነበር።
በሩ ይዘጋል፣ በትከሻ ከተገፋ።
«ስንጥቁን ልድፈነውና ቀለም ልቀባው?» አልኳት።
አልመለሰችልኝም።
እርጥብ አንሶላዋን ገመዱ ላይ ጥላ፣
ከግድግዳው ተነሥታ ወደ ግንዱ
እግሯን እያስቀደመች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሄደች።

አምስት ወጣት።
ቆም ብላ ቅርንጫፉን ሽቅብ አየች፣
«ረጅም ነበር» አለች።